የወላጅነት ደስታ በእርግጥ የተሰማችሁ መቼ ነው?

የበኩር አባት (አዲስ አበባ) ውይይቱን ከፈተ

ጤና ይስጥልኝ። በዚህ ክፍል ስለ ክትባት፣ ስለ ጡት ማጥባትና ስለ ሕፃናት የሆድ ቁርጠት ብዙ ጠቃሚ ነገር ተጽፏል፤ ስለ ደስታው ግን የተጻፈው ጥቂት ነው፤ እሱም ቢሆን አብዛኛው የእንኳን ደስ ያላችሁ መልእክት ነው። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ላቅርብ፦ ልጅ ወልዳችሁ የወላጅነት ደስታ በእርግጥ የተሰማችሁ መቼ ነው? ሕፃኑ በተወለደበት ሰዓት ነው ወይስ ቆይቶ?

ጥያቄውን ያነሣሁት የራሴ ነገር አስገርሞኝ ነው። ልጃችን በተወለደችበት ሌሊት ስልኬ እስኪግል ድረስ የምሥራች ተናግሬአለሁ፤ የሰማው ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረቻት» እያለ መርቆናል። እኔም በአንደበቴ አሜን እያልሁ በልቤ ግን ከደስታ ይልቅ ፍርሃትና ድካም ነበረብኝ። ቤት ስንገባ ደግሞ አማቴ፣ እናቴና የባለቤቴ አክስት አራሷንና ሕፃኗን ተረከቡ። አጥሚቱን የሚያፈሉት፣ ገንፎውን የሚያገነፉት፣ ጠያቂውን የሚያስተናግዱት እነሱ ሲሆኑ የእኔ ድርሻ ከገበያ ቅቤና ተልባ፣ ከሱቅ ዳይፐር ማመላለስ ሆነ። ልጄን የማያት እንደ ማንኛውም ጠያቂ፣ እጄን ታጥቤ ገብቼ፣ ጥቂት ደቂቃ ታቅፌ መልሼ በማስረከብ ነበር።

ነገሩ የተለወጠው አማቴ ለቅሶ ለመድረስ በማለዳ ወጥተው፣ እናቴም ገና ሳትመጣ፣ ልጅቱን ማጠብ የግድ የእኔ ሥራ በሆነበት ጠዋት ነው። ባለቤቴ አልጋ ላይ ሆና እየመራችኝ፣ ጭንቅላቷንና አንገቷን በግራ ክንዴ ደግፌ፣ በአንገቷ እጥፋት ውስጥ የደረቀውን ወተት በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁላት፤ እርግብግቢቷ ከመዳፌ ሥር ሲመታ ይታወቀኛል። መጀመሪያ አምርራ አለቀሰች፤ ለብ ያለው ውኃ ሆዷ ላይ ሲፈስስ ግን ዝም ብላ ዓይኗን ወደ እኔ አቀናች። ሌሊቱን ሙሉ በስልክ ስናገረው የነበረው ደስታ የመጣልኝ ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህም ማጠቡን ለማንም አልለቀቅሁም።

ስለዚህ የእኔ እምነት ይህ ነው፦ ደስታው የሚመጣው ከምሥራቹ ሳይሆን ልጁን በእጅ ከመንከባከብ ነው፤ ልማዳችን አባትን ከእንክብካቤው ሲያርቀው ሳይታወቀው ከደስታውም ያርቀዋል። የምትደግፉም የምትቃወሙም ሐሳባችሁን እንድትጽፉልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።


የሁለት ልጆች እናት (ባሕር ዳር)

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያለዎት፤ ልጅዎን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልዎ። ሐሳብዎ ግማሹ እውነት ይመስለኛል፤ ግማሹን ግን አልቀበለውም፤ ምክንያቱም እኔ ሁለት ጊዜ ወልጄ ደስታው በሁለት የተለያየ መንገድ መጥቶልኛል።

የመጀመሪያዋን ልጄን የወለድሁት ረጅም ምጥ አምጬ ነው። አዋላጇ ሳትጠርጋት ደረቴ ላይ ስታደርግልኝ፣ ገና ምንም እንክብካቤ ሳላደርግላት፣ በአንዲት ቅጽበት ድካሜን ሁሉ ረሳሁት። ሁለተኛው በኦፕራሲዮን ነው የተወለደው። ቁስሉ ያመኝ ነበር፤ ለመነሣትም ለመተኛትም የሰው እጅ እጠብቅ ነበር፤ ልጁን ሳጠባውና ሳስገሳው ሌሊቱ ይነጋል፤ እርስዎ የሚሉት የእጅ ሥራ ሁሉ ነበረ፤ ደስታው ግን አልነበረም። አሳዝኖኝ ነበር፤ «ይህን ልጅ አልወደውም ይሆን?» ብዬም ለማንም ሳልናገር ተጨንቄአለሁ።

የ45 ቀን ክትባት ደርሶ ጤና ጣቢያ ወሰድሁት። ሁለቱንም ጭኖቹን ተወጋ፣ በአፉም ጠብታ ተሰጠው፤ ሌሊቱን ሲያተኩሰውና ሲነጫነጭ አደረ። በማግሥቱ ጠዋት ልብሱን ልቀይርለት ጎንበስ ስል አይቶኝ ሳቀ። በእንቅልፉ የሚስቀውን ሳቅ ማለቴ አይደለም፤ እሱንማ አያቶቻችን ከመላእክት ጋር ይጫወታል ይሉታል። ይኼኛው ዓይኔን አይቶ፣ እኔን ለይቶ የሳቀው ሳቅ ነው። ስለዚህ ለአንዳንዶቻችን ደስታው የሚመጣው እኛ ከሰጠነው ሳይሆን ልጁ መልስ መስጠት ሲጀምር ይመስለኛል።


አዋላጅ ነርስ (ደብረ ብርሃን)

የሁለታችሁንም ሐሳብ ከሙያዬ አንጻር ላዳብረው። የባሕር ዳሯ እህታችን የጻፉት ሳቅ ትክክለኛ ጊዜውን ጠብቆ የመጣ ነው፤ ሕፃናት ሰው አይተው መሳቅ የሚጀምሩት አብዛኛውን ጊዜ በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ነው፤ ይህም ከ45 ቀኑ ክትባት ጋር ይገጣጠማል። አዲስ የተወለደ ሕፃን አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ ከጡት እስከ እናት ፊት፣ ወይም ከታቀፈ ክንድ እስከ አባት ፊት ያለው ርቀት ነው። የበኩር አባት ልጅዎ እርስዎን ማየቷ ምኞት የፈጠረው አይደለም፤ ማየት በምትችልበት ርቀት ላይ ስለነበሩ ነው። በር ላይ ቆመው የነበረ ጊዜ ግን ለእሷ ከጥላ የማይለዩ ነበሩ።

ጡት ሲጠባ በእናት አካል ውስጥ ኦክሲቶሲን የሚባለው ሆርሞን ይመነጫል፤ ማሕፀንን ያኮማትራል፣ ወተቱን ይገፋል፣ በእናትና በልጅ መካከል ያለውን ቁርኝትም ያግዛል። በአባቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ልጃቸውን በሚያቅፉና በሚያጫውቱ ወንዶች ላይ ይኸው ሆርሞን እንደሚጨምር አሳይተዋል። ስለዚህ አባት ደስታውን በእጁ ያገኘዋል የሚለው አባባል በተፈጥሮም መሠረት አለው።

በሥራዬ ያየሁትን አንድ ነገር ልጨምር። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ራቁታቸውን በወላጅ ደረት ላይ አድርጎ፣ በጨርቅ አስሮ ማሞቅ የካንጋሮ እንክብካቤ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ የሕፃናት ማሞቂያ መሣሪያ ከሕፃናቱ ቁጥር ጋር አልመጣጠን ብሎ የተጀመረ ነው፤ ዛሬ በአገራችን ሆስፒታሎችም ይሠራበታል። እናቲቱ ስትደክም አባቱን «ሸሚዝዎን ያውልቁ» እንላለን። ብዙዎቹ ያፍራሉ፤ አንድ የገጠር አባት ግን መጀመሪያ አሻፈረኝ ብሎ፣ ልጁ ደረቱ ላይ ሲያንቀላፋ አይቶ፣ እናቲቱ ተራዋን ስትጠይቅ «ቆይ ትንሽ ይተኛ» እያለ እስከ ማታ አልሰጥም ብሎ አስቆናል።

የባሕር ዳሯ እህቴ ሆይ፣ ያ ጭንቀትዎ እንግዳ ነገር አልነበረም። ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀናት መከፋትና ያለ ምክንያት ማልቀስ በብዙ እናቶች ላይ ይደርሳል፤ በአብዛኛው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቅቃል። ከሁለት ሳምንት ካለፈ ወይም እናቲቱ ራሷን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባት ግን ያለ ማመንታት ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።


አያት ነኝ (ጎንደር)

ልጄ የበኩር አባት፣ ጽሑፍህን የልጅ ልጄ አንብባልኝ ሰማሁ፤ የምጽፈውም በእሷ እጅ ነው። እንኳን እግዚአብሔር ማረልህ። ነገር ግን ልማዳችንን በአንድ ጠዋት እጥበት አትፍረድበት።

ወንድ ከአራስ ቤት የሚርቀው ስለተናቀ አይደለም። አራስ ብርድ ይመታታል፤ ከፀሐይ የመጣ ሰው ድንገት ሲገባባት ምች እንፈራለን፤ ዓይንም አለ፤ ብረት ትራሷ ሥር አድርገን ለብቻዋ ሳንተዋት የምንጠብቃት ለዚህ ነው። ከሁሉም በላይ ሴት ልጅ በዚያ ወራት ገላዋ ተከፍቶ፣ ጡቷ ተገልጦ ነውና የምትተኛው ወንድ እየገባ እየወጣ አታርፍም። እኛ ባልን የምናስወጣው እሷን ለማሳረፍ ነው። ተመልሳ እስክትጠና ገንፎዋን በቅቤና በበርበሬ አብልተን፣ አጥንት ቀቅለን፣ ወገቧን በመቀነት አስረን እናቆያታለን። ይህ ሁሉ ሲሆን አባት ቅቤ አመላላሽ ሆነ ብለህ ማዘንህ አስቆኛል፤ ቅቤው ከየት ሊመጣ ነበር?

ለአባት የተወሰነ ቀን አለው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ አባት ቤቱን ሞልቶ፣ ዘመድ ጠርቶ የሚደሰትበት ቀን ነው። መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም ወደ ገነት የገባው በ40 ቀኑ፣ ሔዋን ደግሞ በ80 ቀኗ መሆኑን ይናገራል፤ ቀኑ የተቆጠረው ከዚያ ነው፤ እኛ ከየትም አላመጣነውም። ልጅቱ ክር አስራ፣ የክርስትና ስም ወጥቶላት ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ አባቷን እይ፤ ደስታው መቼ መጣ ብለህ አትጠይቀውም።

አንድ ነገር ብቻ እቀበልሃለሁ። በእኛ ዘመን ለወንድ የሚደረገው እልልታ ለሴት ከሚደረገው ይበልጥ ነበር፤ ቁጥሩ ከአገር አገር ቢለያይም ማነሱ ግን የትም አለ። እኔ የልጅ ልጄ ስትወለድ ለወንድ የሚባለውን ያህል አልሁላት፤ ጎረቤት ወንድ መስሎት መጣ። ልማድ የማይሻሻል አይደለም።


የሐናን አባት (ደሴ)

አሰላሙ ዓለይኩም። እናታችን ከጎንደር የጻፉትን በደስታ አነበብሁ፤ አላህ ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። የበኩር አባት ያነሡት ጥያቄ ግን በእኛ ዘንድ ትንሽ ለየት ያለ መልስ አለው፤ ምክንያቱም አባት ገና ከመጀመሪያው ሰዓት የሚሠራው ሥራ አለው። ልጅ እንደ ተወለደ በቀኝ ጆሮው አዛን ማለት የተወደደ ነው፤ ይህንንም አባት ቢያደርገው ደስ ይላል።

እኔ ሐናን ስትወለድ ክፍሉ ውስጥ ገብቼ ተቀበልኋት። በድምፅ ብልጫ የምታወቅ ሰው አይደለሁም፤ መስጊድ ውስጥም ጮክ ብዬ ቀርቼ አላውቅም። ጆሮዋ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ሲሆን ገና ከጭንቅላቷ ጋር እንደ ተጣበቀ ነበር፤ አፌን አስጠግቼ አላሁ አክበር ስል እጆቿን ዘርግታ ደነገጠች፤ ቀስ ብዬ ስቀጥል ተረጋጋች። የመጀመሪያው ቃሌ ለእሷ ይህ መሆኑን ሳስብ እስከ ዛሬ ይነዝረኛል። በሰባተኛው ቀን ዓቂቃዋን አረድን፤ ፀጉሯ ተላጭቶ በክብደቱ ልክ ብር ተመጽውቶላታል። ለወንድ ሁለት፣ ለሴት አንድ በግ የሚታረድ ሲሆን ሥጋው ለቤተሰብ፣ ለጎረቤትና ለድኻ ይከፋፈላል። የእኛ ጎረቤቶች ክርስቲያኖች ስለሆኑ ለእነሱ የሚታረደውን እነሱው አርደው አብረን በላን፤ ወሎ ውስጥ ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት አባትን ወደ ደስታው የሚያስገባው ማጠብ ብቻ አይደለም፤ ለልጁ የሚያደርገው፣ ሌላ ሰው ሊያደርግለት የማይገባ አንድ ነገር ሲኖረው ነው።


የበኩር አባት (አዲስ አበባ)

የጎንደሯ እናቴ፣ ተግሣጽዎን በአክብሮት ተቀብያለሁ፤ የእረፍቱን ነገር ባለቤቴም ደግፋዎታለች። ልጃችን 80 ቀኗ ገና ስለሆነ የሚሉትን ደስታ ወደፊት አየዋለሁ። ሆኖም 80 ቀን ሙሉ በር ላይ ቆሞ መጠበቅ ለአባት የሚገባ ነው የሚለውን አሁንም አልቀበልም፤ አራሷ የምታርፍበት ሰዓት አባትና ልጅ አብረው የሚሆኑበት ሰዓት ሊሆን ይችላል ብዬ አስባለሁ። የሐናን አባት፣ «ሌላ ሰው ሊያደርግለት የማይገባ አንድ ነገር» ያሉት እኔ በረጅሙ ጽፌ በደንብ ያልገለጽሁት ሐሳብ ነው።


እናት በባዕድ አገር (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እናንተ ስለ ጠያቂ ብዛት ስትነጋገሩ እኔ በቅናት አነበብሁ። እዚህ አሜሪካ ስወልድ እናቴ ቪዛ ተከልክላ መምጣት አልቻለችም። ባለቤቴ የሕግ መብቱ የ12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ፈቃድ ነበር፤ ያለ ደመወዝ የተፈቀደ ፈቃድ የቤት ኪራይ ላለበት ሰው ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት አያስፈልግም፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ሥራው ተመለሰ። አጥሚት የሚያፈላልኝ፣ «ተኚ፣ እኔ እይዘዋለሁ» የሚለኝ ሰው አልነበረም። የበኩር አባት ሆይ፣ እንክብካቤው ሁሉ በእኔ እጅ ነበር፤ ሐሳብዎ ትክክል ቢሆን ኖሮ በዓለም ላይ ከእኔ የበለጠ ደስተኛ አይገኝም ነበር። እኔ ግን በሩን ዘግቼ አለቅስ ነበር።

ለምርመራ ስሄድ የኤድንብራ መጠይቅ የሚባል፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርትን ለመለየት የሚሞላ 10 ጥያቄ ያለበት ወረቀት ሰጡኝ። በእኛ ባህል ልጅ ሰጥቶሽ አታማርሪ ስለሚባል ልዋሽ አስቤ ነበር፤ እውነቱን ሞላሁት፤ ሕክምናም ጀመርሁ። ከዚያው ሳምንት የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች በወሬ ወሬ ሰምተው አንዷ ገንፎ፣ ሌላዋ የአጥንት መረቅ በፔርሙዝ ይዘው መጡ፤ ሦስተኛዋ ምንም ሳትጠይቀኝ ልጄን በማዘያ አዝላ ሳህኑን ማጠብ ጀመረች። አራት ሰዓት ሙሉ ተኛሁ። ስነቃ ልጄን ናፍቄው ነበር፤ ከወለድሁት ጊዜ ጀምሮ አንድም ደቂቃ ተለይቼው ስለማላውቅ መናፈቅ ምን እንደሆነ እስከዚያ ድረስ አላወቅሁም። የእኔ ደስታ የጀመረው ሌላ ሰው ልጄን ሲይዝልኝ ነው።

ስለዚህ እናታችን የሚከላከሉለት ልማድ፣ እዚያ ላላችሁ አባቶች አጥር መስሎ ቢታያችሁም፣ እዚህ ላለነው ያጣነው ሀብት ነው።


ጋሪ ገፊ (ስቶክሆልም)

እኔ ደግሞ በሌላው ጫፍ ነኝ። በስዊድን ለአንድ ልጅ 480 ቀናት የሚከፈልበት የወላጅ ፈቃድ አለ፤ ከነዚህ ውስጥ 90ው ለእያንዳንዱ ወላጅ ብቻ የተለየ ሲሆን አባት ካልተጠቀመበት ለእናት አይተላለፍም። በዚህ ምክንያት እኔም እንደ አገሩ ወንዶች ወራት ሙሉ ቤት ውዬ ልጄን አሳድጌአለሁ።

የጊዜ ብዛት በራሱ ደስታን አያመጣም። ከልጅ ጋር መዋል አብዛኛው አሰልቺ ነው፤ ማብላት፣ ማስገሳት፣ ማጠብ፣ ማስተኛት፣ እንደገና ማብላት። በክረምት ከቀትር በኋላ ወዲያው ይጨልማል፤ እናቴ በስልክ «ጠዋት ቅባት ቀብተህ ፀሐይ አሙቀው» ስትለኝ ውጭው በረዶ ነው፤ እዚህ በፀሐይ ፈንታ የቫይታሚን ዲ ጠብታ እስከ ሁለት ዓመት በየቀኑ ይሰጣል። ነገር ግን በዚያ ድግግሞሽ ውስጥ ልጄን አወቅሁት። ከመራብ የሚመጣውን ለቅሶና ከእንቅልፍ የሚመጣውን ለይቼ ማወቅ ስጀምር፣ እናቱም ከሥራ ደውላ «ምን ሆኖ ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ መልስ ሲኖረኝ፣ ደስታው እሱ ነበር። አንዲት የሚያበራ ቅጽበት የለኝም፤ ቀስ እያለ ነው የመጣው፤ በየትኛው ቀን እንደመጣም ልነግራችሁ አልችልም።


የፋብሪካ ሠራተኛ (ኮምቦልቻ)

ሁሉም መልካም ነው፤ ነገር ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ሲሰጥ ለአባት የሚሰጠው ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት ሦስት ተከታታይ ቀን ነው። ሦስቱ ቀን ከሆስፒታል ሳንወጣ አለቀብኝ። ከልማዱ በፊት በዚህ ብንነጋገር ይሻላል። በሦስት ቀን ልጅን ማወቅ አይቻልም፤ እኔ ልጄን ያወቅሁት እሑድ እሑድ ነው።


ሊወልድ የተቃረበ (አዳማ)

ባለቤቴ በሚቀጥለው ወር ትወልዳለች። ከዚህ ውይይት የተረዳሁት ደስታው ለእያንዳንዱ በራሱ ጊዜ እንደሚመጣ ነው፤ ሳይመጣ ቢቆይ እንዳልደነግጥ ረድቶኛል። እኔም እንደ ውይይቱ ከፋች ሕፃኑን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለማጠብ አስቤአለሁ። የደብረ ብርሃኗ እህት ምን ይመክሩኛል?


አዋላጅ ነርስ (ደብረ ብርሃን)

በመጀመሪያው ቀን አያጥቡት። ሙቀቱን እንዳያጣ የመጀመሪያው እጥበት ቢያንስ 24 ሰዓት እንዲዘገይ ይመከራል። በዚያ ቀን የእርስዎ ሥራ እንገሩን እንዲጠባ ማገዝ ነው፤ እንገር ቆሽሿል ተብሎ ታልቦ እንዳይደፋ፣ ቅቤም በአፉ እንዳይደረግለት ይጠብቁ። ከዚያ በኋላ ሲያጥቡት ክፍሉ ይሙቅ፤ ፎጣውና ልብሱ አስቀድመው አጠገብዎ ይሁኑ፤ ውኃውን በክርንዎ ይለኩት። እትብቱ እስኪወድቅ ድረስ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ይቆይ፤ ከሐኪም ከታዘዘ በቀር ምንም አይቀባ። አንድ እጅዎን ለአፍታም ቢሆን ከሕፃኑ አይለዩ።


አያት ነኝ (ጎንደር)

የእንገሩ ነገር ትክክል ነው፤ እኛ ድሮ እንደፋው ነበር፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው ያስተውን። የአዳማው ልጄ፣ ማርያም ባለቤትህን በሽልም ታውጣት። ልጁን እጠበው፤ አልከለክልህም። አጥበህ ስትጨርስ ግን ለአማትህ ስጣትና ውጣ፤ አራሷ ትተኛ። ቅቤውንም እንዳትረሳ።